ማን አከናነበ፣ ማን ገለጠ? የኢራን ሴቶችና የአንድ ጨርቅ ታሪክ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጀርመን አርኪዮሎጂስቶች በጤግሮስ ወንዝ ዳር የጥንቷን የአሹር ከተማ ፍርስራሽ ሲቆፍሩ ሕግ የተቀረጸባቸው የሸክላ ጽላቶች አገኙ። ጽላቶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፉ ናቸው፤ አንደኛው ከሞላ ጎደል ስለ ሴቶች ብቻ ይደነግጋል። ባለትዳር ሴትና ባሏ የሞተባት ሴት ወደ አደባባይ ሲወጡ ራሳቸውን ይሸፍኑ ይላል። ቁባት ከእመቤቷ ጋር ስትወጣ ትከናነባለች። ሴተኛ አዳሪና ባሪያ ግን መከናነብ ክልክል ነው። ተከናንባ የተገኘች ሴተኛ አዳሪ ምስክር ተቆጥሮባት ወደ ቤተ መንግሥቱ በር ትወሰዳለች፤ 50 በትር ትመታለች፤ በራሷ ላይ ቅጥራን ይፈስባታል። ባሪያይቱ ተከናንባ ከተያዘች ጆሮዋ ይቆረጣል። አይቶ ዝም ያለው ወንድም አይማርም፦ 50 በትር ቀምሶ፣ ጆሮው ተበስቶ፣ ገመድ ገብቶበት፣ አንድ ወር ሙሉ ለንጉሥ ይሠራል።

ስለ ሴቶች መከናነብ እስካሁን ከታወቁት ሕጎች ይህን የሚቀድም የለም። ከክርስትና ከ1,000 ዓመት በላይ፣ ከእስልምና ደግሞ ከ1,600 ዓመት በላይ ይቀድማል። በዚህ አሮጌ ሕግ ውስጥ ሁለት ነገር ጎልቶ ይታያል። አንደኛው፣ መከናነብ ግዴታም ክልከላም ሊሆን መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ግዴታም ሆነ ክልከላ፣ ለሴቲቱ የሚወስንላት ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ከአሹር በስተ ምሥራቅ ያለችው ኢራን ይህን ሁለቱንም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አይታለች። በ1936 የመንግሥት ፖሊስ ከሴቶች ራስ ላይ ጨርቅ ገፈፈ፤ በ1983 ሌላ መንግሥት ጨርቁን ላልደረበች ሴት 74 ጅራፍ ደነገገ። የዚህ ትረካ ጉዳይ በሁለቱ መካከል የኖሩት ሴቶች ናቸው።

ከሃይማኖት በፊትና በኋላ

ጨርቅ በራስ ላይ ሲያርፍ ይናገራል። እኛም አገር ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰን ሰው ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ ሐዘን ላይ መሆኑን ያውቃል። በጥንቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ዓለምም የሴት መከናነቢያ ትዳሯን፣ ወገኗንና ማዕረጓን የሚያሳውቅ ነበር፤ ትርጉሙ ግን እንደ ቦታው ይለዋወጥ ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ርብቃ ይስሐቅን ከሩቅ ባየችው ጊዜ ከግመል ወርዳ ተሸፈነች፤ የተሸፈነችውም በጨዋነት ነው። ከዚያው መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፎች አልፎ ትዕማር ፊቷን ብትሸፍን ይሁዳ ጋለሞታ መሰለችው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት የምትጸልይ ሴት ራሷን እንድትከናነብ አስተማረ፤ ትምህርቱም በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ ይጠበቃል።

ቁርኣን በ24ኛው ምዕራፍ በመጀመሪያ ወንዶችን ዓይናቸውን እንዲሰብሩ ያዛል፤ ቀጥሎም ሴቶች በጉፍታቸው ደረታቸውን እንዲሸፍኑ ይነግራል። በ33ኛው ምዕራፍ ደግሞ ምእመናት ሴቶች ታውቀው እንዳይተነኮሱ መጎናጸፊያቸውን በላያቸው እንዲጥሉ ይላል። እስልምና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፋርስ ሲገባ የመኳንንት ሴቶችን ከሕዝብ ዓይን መከለል ለአካባቢው እንግዳ ነገር አልነበረም። በጊዜ ብዛት የከተማ ልማድ፣ የባላባት ክብርና የሃይማኖት ትእዛዝ እርስ በርስ ተጠላልፈው አንድ ልብስ ሆኑ።

በሱፊዎች፣ ማለትም በእስልምና ምስጢራውያን፣ ዘንድ መጋረጃው ሌላ ሕይወት አገኘ። በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ ሊቅ አል ጋዛሊ በፈጣሪና በሰው መካከል ስላሉት 70,000 የብርሃንና የጨለማ መጋረጃዎች ጻፈ። የሺራዙን ሐፊዝን የመሰሉ የፋርስ ገጣሚዎች ደግሞ የተወዳጇን ፊት የሚሸፍነውን ጨርቅ ነፍስን ከእውነት የሚለያት ግድግዳ አድርገው ተቀኙበት። ስለ መጋረጃው በዚህ ሁሉ ውበት የተቀኙት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ከመጋረጃው በስተ ጀርባ ያለችው ሴት ስሟ እንኳ በአደባባይ አይጠራም ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቃጃር ነገሥታት ዘመን፣ አንዲት የቴህራን ሴት ከደጇ ስትወጣ የምትለብሰውን እንመልከት። መጀመሪያ ቻቅቹር የሚባል፣ እግር ድረስ የሚሸፍን ሰፊ ሱሪ ትታጠቃለች። በላዩ ከራስ እስከ ተረከዝ የሚወርደውን ቻዶር ትደርባለች። በመጨረሻ ሩባንዴ የሚባለውን ረጅም ነጭ ጨርቅ ከፊቷ ላይ ትጥላለች፤ ከጭንቅላቷ ኋላ በማያያዣ ይቆለፋል፤ ዓይኗ ላይ ብቻ ጠበብ ያለ፣ በመርፌ እንደ ወንፊት የተሠራ ቀዳዳ አለው። በዚያ መንገድ ላይ ባልም ሚስቱን ለይቶ አያውቃትም። ይህ ግን የከተማ ልብስ ነው። ሩዝ የምትተክለው የካስፒያን ዳር ገበሬ፣ ከብት የምትነዳው የባኽቲያሪና የቃሽቃይ ዘላን፣ ተራራ የምትወጣው የኩርድ ሴት ፊታቸውን አይሸፍኑም ነበር። ሥራ ያለባት ሴት ያንን ለብሳ መሥራት አትችልም።

ባዳሽት፣ 1848

በቃዝቪን ከተማ ሙላ ሳሊህ የሚባሉ የታወቁ የሃይማኖት ሊቅ ልጃቸውን ፋጢማን እንደ ወንድ ልጅ አስተማሩ። ልጅቷ ዓረብኛውን፣ ሕጉን፣ ትርጓሜውን ጠንቅቃ አወቀች፤ ግጥምም ትገጥም ነበር። በኋላ በኢራቅ ከተማ በከርበላ ስታስተምር ተማሪዎቹ ድምጿን የሚሰሙት ከመጋረጃ ኋላ ነበር። መምህሯ ቁረተል ዐይን፣ የዓይን መጽናኛ፣ ብለው ጠሯት፤ ታሪክ ግን ይበልጥ የሚያውቃት ታሂራ በሚለው ስሟ ነው፤ ንጽሕት ማለት ነው።

በ1844 ሺራዝ ላይ አንድ ወጣት ባብ ነኝ፣ የአዲስ ዘመን በር ነኝ ብሎ በተነሣ ጊዜ ታሂራ ከመጀመሪያዎቹ ተከታዮቹ አንዷ ሆነች። በ1848 በጋ ላይ ሰማንያ ያህል የባብ ተከታዮች በሰሜን ምሥራቅ ኢራን ባዳሽት በምትባል መንደር ተሰበሰቡ። የሚከራከሩበት ጉዳይ ከባድ ነው፦ አሮጌው ሕግ ይቀጥል ወይስ ያብቃ? ታሂራ በክርክሩ መካከል ፊቷን ገልጣ፣ አጊጣ፣ ወንዶቹ ወዳሉበት ገባች።

የሆነውን ያዩ ሰዎች የተናገሩት ተጽፎ ቆይቷል። አንዳንዶቹ እንዳያዩዋት ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አንዱ ጉሮሮውን በቢላ ቆርጦ ደሙን እያዘራ ከፊቷ ሮጠ። ሌሎች እምነታቸውን ጥለው ሄዱ። እሷ ግን ተረጋግታ ንግግሯን ቀጠለች። በኋላ ተይዛ ቴህራን በአንድ ሹም ቤት ታሰረች፤ በ1852 በሌሊት ወደ አንድ የአትክልት ቦታ ተወስዳ በሻሽ ታንቃ ተገደለች፤ ሬሳዋም ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ። በእጇ ፊቷን የገለጠችውን ሴት በጨርቅ አንቀው ገደሏት። ግጥሞቿ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ተረፉ፤ ከእሷ በኋላ የመጡት የኢራን ሴት ጸሐፊዎችም እንደ ቀዳሚ እናት ያዩዋታል።

በቻዶር ሥር የተያዘ ሽጉጥ

በ1906 ኢራን ሕገ መንግሥትና ፓርላማ አገኘች። ለዚያ ትግል ሴቶች ጌጣቸውን ሸጠዋል፣ ሰልፍ ወጥተዋል፤ የምርጫ ሕጉ ሲወጣ ግን ከመራጭነት አገዳቸው። እነሱም ማኅበር አቋቋሙ፤ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1911 መጨረሻ ላይ ሩሲያ የኢራን መንግሥት የቀጠረውን አሜሪካዊ የግምጃ ቤት ኃላፊ ሞርጋን ሹስተርን እንዲያባርር የጊዜ ገደብ ሰጥታ አስጠነቀቀች፤ ፓርላማውም ማመንታት ጀመረ።

ሹስተር በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ ቀጥሎ የሆነውን መዝግቧል። 300 ያህል ሴቶች ጥቁር ቻዶራቸውን ለብሰው፣ ነጭ የፊት መሸፈኛቸውን ጥለው ወደ ፓርላማው ዘለቁ። ብዙዎቹ በልብሳቸው እጥፋት ውስጥ ሽጉጥ ይዘው ነበር። አፈ ጉባኤውን ፊት ለፊት አግኝተው የፊት መሸፈኛቸውን ገለጡ፤ እንደራሴዎቹ የአገሪቱን ክብር አሳልፈው ከሰጡ ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን ገድለው ራሳቸውንም እንደሚገድሉ ነገሯቸው። ፓርላማው በዚያው ወር በኃይል ተዘጋ፤ ሹስተርም አገሩን ለቆ ሄደ። የሴቶቹ ሥራ ግን አንድ ነገር አሳይቷል፦ በራሳቸው ፈቃድ በለበሱት ቻዶር ሥር መሣሪያ ይዘው ገቡ፤ በራሳቸው ፈቃድ ደግሞ ፊታቸውን ገለጡ። ያዘዛቸው ማንም አልነበረም።

ከዚህ ትውልድ ሴዲቄ ዶውላታባዲን ማንሣት ይገባል። በ1919 ኢስፋሃን ውስጥ «ዛባኔ ዛናን» የተባለ የሴቶች ጋዜጣ ጀመረች። ቤቷ በድንጋይ ተደበደበ፣ ጋዜጣውም ተዘጋ፤ እሷ ግን ፓሪስ ሄዳ ተማረች። በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ አገሯ ተመልሳ በቴህራን ጎዳና ያለ ቻዶር መታየት ጀመረች፤ ይህም ንጉሡ ከማዘዙ ከበርካታ ዓመታት በፊት ነው። ሌሎችም ነበሩ፤ በ1922 የተመሠረተው የአገር ወዳድ ሴቶች ማኅበር ሴቶችን ማንበብና መጻፍ ያስተምር፣ ያለዕድሜ ጋብቻን ይቃወም ነበር።

የንጉሥ ትእዛዝ

በ1921 በወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ብቅ ያለው ሬዛ ኻን በ1925 መጨረሻ ንጉሥ ሆነ። ባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ዩኒቨርሲቲ ከፈተ፤ የጎሳ አለቆችን ሰበረ። አገሪቱ ዘመናዊ ሆና እንድትታይም ቸኮለ። በ1928 መጨረሻ የወንዶች ልብስ በሕግ አንድ ዓይነት እንዲሆን አወጀ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ንግሥቲቱ ታጅ አል ሙሉክ ቁም በምትባል ከተማ በሚገኘው ቅዱስ መቃብር ለአዲስ ዓመት በዓል ስትገኝ ሥሥ መሸፈኛ ለብሳ በመታየቷ ባፍቂ የተባሉ የሃይማኖት አባት ተቆጡ። ንጉሡ ከቴህራን ገሥግሦ መጣ፤ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ቅዱሱ ስፍራ ገብቶ አዛውንቱን ደበደባቸው። ኢራናውያን ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደሚመጣ ሳይገምቱ አልቀሩም።

በ1928 የአፍጋኒስታኑ ንጉሥ አማኑላህ ከአውሮፓ ሲመለስ ፊቷን ከገለጠችው ከንግሥት ሶራያ ጋር በቴህራን በኩል አለፈ፤ ሳይውል ሳያድር በዓመጽ ዙፋኑን አጣ። ሬዛ ሻህ ይህን አይቶ ጥቂት ታገሠ። በ1934 ቱርክን ጎብኝቶ የአታቱርክን ሥራ ካየ በኋላ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። በጁላይ 1935 ወንዶች ጥላ ያለው የአውሮፓ ባርኔጣ እንዲያደርጉ በመታዘዙና ሴቶች ሊገለጡ ነው በመባሉ ማሽሃድ ላይ ሕዝቡ በጎሃርሻድ መስጊድ ተሰበሰበ። መስጊዱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው ጎሃርሻድ የምትባል ንግሥት ናት። ወታደሩ እዚያው በተጠለለው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈተ፤ ብዙ ሰው አለቀ።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1936 ሬዛ ሻህ በቴህራን የመምህራን ማሠልጠኛ የምረቃ በዓል ላይ ተገኘ። አብረውት ንግሥቲቱና ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ሻምስና አሽራፍ ነበሩ፤ ሦስቱም ኮት ለብሰው፣ የአውሮፓ ባርኔጣ አድርገው፣ ፊታቸውን ገልጠው። መምህራኑና ተመራቂዎቹም ያለ ቻዶር እንዲገኙ ታዝዘው ነበር። አንዳንዶቹ ከመድረኩ ፊት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደ ቆሙ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ትእዛዙ በየአውራጃው ወረደ። አገረ ገዥዎች ግብዣ እንዲያደርጉ፣ ሹማምንት ሚስቶቻቸውን ያለ መሸፈኛ ይዘው እንዲመጡ ተደረገ። ባለ ቻዶር ሴት አውቶቡስ አትሳፈርም፣ ሲኒማ አትገባም፤ ፖሊሱ ጎዳና ላይ አስቁሞ ቻዶሯን ይገፍፋል፣ ይቀድዳል። አሹር በሌላ መልክ የተመለሰችውም በዚህ ጊዜ ነው፦ አዲሱ ሥርዓት የጨዋ ሴቶች ምልክት እንዲሆን ስለተፈለገ ሴተኛ አዳሪዎች እንዳይገለጡ ባለሥልጣናቱ አገዱ። ሦስት ሺህ ዓመት አልፎም መንግሥት ጨዋዋንና «ጨዋ ያልሆነችውን» በጨርቅ ይለይ ነበር፤ የተገለበጠው ጨርቁ የሚወድቅበት ራስ ብቻ ነው።

በየቤቱ የሆነው ግን በጋዜጣ አልወጣም። ብዙ ሴቶች ለዓመታት ከደጃቸው አልወጡም። የሕዝብ መታጠቢያ ቤት መሄድ ስላልቻሉ በምሽት ከጣሪያ ጣሪያ እየተሻገሩ የሚሄዱ ነበሩ፤ አቅም ያላቸው በቤታቸው መታጠቢያ አሠሩ። እምነት አጥባቂ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስወጡ። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኢራቅ የተሰደደም ነበር። ለመማርና ለመሥራት ሲታገሉ የኖሩ የከተማ ሴቶች በበኩላቸው እፎይ አሉ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ወደ ቴህራን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ያም ደስታ እውነት ነው፤ የቀሩትም ለቅሶ እውነት ነው። ነገር ግን ነፃነት አወጣኋችሁ ያለው ንጉሥ ይህን ከማድረጉ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንን የአገር ወዳድ ሴቶች ማኅበር ዘግቶት ነበር። ስለ ሴቶች የሚናገረው መንግሥት ብቻ እንዲሆን ተደረገ።

በኦገስት 1941 እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት ኢራንን ወረሩ። ሬዛ ሻህ በሴፕቴምበር ዙፋኑን ለልጁ ለሞሐመድ ሬዛ ለቆ ተሰደደ፤ በ1944 ጆሃንስበርግ ላይ ሞተ። እሱ ከአገር እንደወጣ ቻዶሮቹ ከሣጥን ወጥተው ጎዳናውን ሞሉት። ለአምስት ዓመት በዱላ የተጠበቀ ሕግ ዱላው ሲነሣ ወዲያው ቀረ።

ሁለት ሴቶች በአንድ ጎዳና

ከ1941 በኋላ ያሉት አሥርት ዓመታት የተለዩ ናቸው። ገበያ መሐል ቻዶር የለበሰችና ያልለበሰች ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር፤ ከአንድ ቤት እናት ተከናንባ፣ ልጅ ፀጉሯን ገልጣ ትወጣ ነበር። ፖሊስ አያስቆማቸውም። ሹመትና ሀብት ያለው ወገን ግን ቻዶርን የድህነትና የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ያየው ነበር፤ ባለ ቻዶሯም ይህ ንቀት ይሰማታል።

በዚህ ዘመን የሴቶች ድምፅ በሥነ ጽሑፍ ወጣ። ፎሩግ ፋሮኽዛድ በ1955 የመጀመሪያ የግጥም መድበሏን ስታሳትም ገና ሃያ ዓመቷ ነበር። ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ ትዳር እስራት በራሷ ስም ጻፈች። ፋርስኛ የወንድ ፍቅር ሺህ ዓመት ሲዘመርበት ኖሯል፤ ሴት ግን የራሷን ስትናገር ነውር ተባለ። ቻዶር ባትለብስም በቃሏ መገለጧ ያስቆጣ ነበር። በ1967 በመኪና አደጋ በ32 ዓመቷ ብትሞትም ከታሂራ የጀመረውን መንገድ ወደ ፊት አራምዳው ሄደች። ዶውላታባዲ በ1961 ስትሞት መቃብሯን የተከናነበች ሴት እንዳትጎበኘው ተናዛለች። የ1936ቱ ቁስል በሁለቱም ወገን እንዳልጠገገ ከዚህ ይታያል።

ሴቶች በ1963 የመምረጥ መብት አገኙ። በ1968 ሐኪምና መምህርት የነበረችው ፋሮኽሩ ፓርሳ የትምህርት ሚኒስትር ሆነች፤ በኢራን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ናት። በኦክቶበር 1971 ሻሁ የ2,500 ዓመት የዘውድ በዓል በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ አጠገብ ሲያከብር የእኛው አፄ ኃይለ ሥላሴም ከተጋባዥ ነገሥታቱ አንዱ ነበሩ። ከበዓሉ ድንኳኖች ርቆ ደግሞ ፓሪስ የተማረው ምሁር አሊ ሻሪያቲ የነቢዩን ልጅ ፋጢማን ለዘመኑ ሴት አርአያ አድርጎ ለወጣቶች ያስተምር ነበር። ባሪያም አሻንጉሊትም ያልሆነች፣ ታጋይ ሴት አድርጎ ሣላት። ከዘመናዊ ቤተሰብ የወጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በፈቃዳቸው መከናነብ ጀመሩ።

በ1978 አብዮቱ ሲቀጣጠል ጨርቁ የተቃውሞ ባንዲራ ሆነ። በሕይወታቸው ለብሰውት የማያውቁ ሴቶች ሻሁን ለመቃወም ቻዶር ደርበው ሰልፍ ወጡ። ንጉሡ በግድ ያስወለቀው ልብስ በንጉሡ ላይ ተነሣ። ያኔ የለበሱት በገዛ ፈቃዳቸው ነበር፤ ነገ ሌላ ሰው እንደሚያዝዝበት አልጠረጠሩም።

በበረዶ ውስጥ የወጣ ሰልፍ

ሻሁ በጃንዋሪ 1979 ከአገር ወጣ፤ የአብዮቱ መሪ አያቶላ ሆሜይኒ በፌብሩዋሪ 1 ከስደት ተመለሱ። ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ማርች 7 ላይ፣ ሴቶች በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ሂጃብ መገኘት እንደሌለባቸው ተናገሩ። ማግስቱ የዓለም ሴቶች ቀን ነበር። በረዶ እየጣለ በሺዎች የሚቆጠሩ የቴህራን ሴቶች ወደ ጎዳና ወጡ፤ ነርሶች፣ ጠበቆች፣ ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች። ባዶ ራሳቸውን የሆኑ ነበሩ፤ ተከናንበው የመጡም ነበሩ። ፎቶ አንሺዋ ሄንጋሜ ጎሌስታን የዚያን ቀን ያነሣቻቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ አሉ፦ የበረዶ ጠብታ ያረፈበት ፀጉር፣ ወደ ላይ የተነሣ ክንድ፣ የሚጮህ አፍ። አብዮቱን ያደረግነው ወደ ኋላ ለመመለስ አይደለም ይሉ ነበር።

ከዳር የቆሙ ወንዶች በድንጋይና በቢላ አጠቋቸው፤ መፈክራቸውም «ወይ ሻሽ በራስሽ፣ ወይ ዱላ በራስሽ» የሚል ነበር። ሰልፉ ለቀናት ቀጠለ። አያቶላ ታሌቃኒ ግዴታ የለበትም ብለው አረጋጉ፤ መንግሥትም ለጊዜው ወደ ኋላ አለ። ብዙዎቹ የግራ ድርጅቶች ግን ሴቶቹን አልደገፉም። ኢምፔሪያሊዝምን መታገል ይቀድማል፣ የልብስ ነገር ትንሽ ጉዳይ ነው አሉ። ትንሽ የተባለው ጉዳይ በር ከፋች ሆነ። በ1980 በጋ ሂጃብ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዴታ ሆነ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የቀድሞዋ ሚኒስትር ፋሮኽሩ ፓርሳ በሞት ተቀጣች። በ1983 በአደባባይ ያልተከናነበች ሴት እስከ 74 ጅራፍ እንድትገረፍ ሕግ ወጣ። ያኔ ጉዳዩን ትንሽ ያሉት የግራ ድርጅቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ከምድረ ገጽ ጠፍተው ነበር።

በዚህ ዘመን የሆነውን ሁሉ አንድ ቀለም መቀባት ትክክል አይሆንም። ከአብዮቱ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የገጠርና የእምነት አጥባቂ ቤተሰብ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገቡ፤ ድሮ «ባዶ ራስ መሐል አትቀመጥም» ያሉ አባቶች አሁን ፈቀዱ። በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች ሴቶቹ ከወንዶቹ በለጡ። ግዴታው ያስከተለው ያልታሰበ ነገር ይህ ነበር፦ የተማሩ፣ ሕጉን የሚያነቡና የሚጠይቁ ሴቶች። ሻሹ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ኋላ እየሸሸ የፊት ፀጉር መታየት ጀመረ፤ የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪዎቹም በመኪና እየዞሩ ያንን ፀጉር በጣት ይለኩ ነበር። በ2000 ማርጃን ሳትራፒ በፈረንሳይ ያሳተመችው «ፐርሴፖሊስ» የተሰኘው የሥዕል መጽሐፍ የሚጀምረውም በ1980 አሥር ዓመት የሞላት ልጅ የትምህርት ቤት ሻሽ በተሰጣት ቀን ነው።

ኤንጌላብ ጎዳናና ሳቄዝ

በዲሴምበር 2017 መጨረሻ ቪዳ ሞቫሄድ የተባለች የ31 ዓመት እናት በቴህራን ኤንጌላብ፣ ማለትም አብዮት፣ በሚባለው ጎዳና በቆመ የስልክ መሥመር ሣጥን ላይ ወጣች። ነጭ ሻሿን አውልቃ በእንጨት ጫፍ አሰረችና ዝም ብላ ከፍ አድርጋ ያዘችው። አልጮኸችም፤ መፈክር አልያዘችም። ተይዛ ተወሰደች። ከሳምንታት በኋላ ሌሎች ሴቶች በየአደባባዩ እንዲሁ ወጡ። ከእነሱ መካከል ቻዶሯን ለብሳ፣ ሻሽ በእንጨት ይዛ፣ ግዴታውን ብቻ የተቃወመች ሴትም ነበረች።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 2022 ጂና ማህሳ አሚኒ የተባለች የ22 ዓመት ኩርድ ከወንድሟ ጋር ቴህራንን ስትጎበኝ የሥነ ምግባር ፖሊስ ሂጃብሽ አልተስተካከለም ብሎ ያዛት። በእስር እያለች ወደቀች፤ ከሦስት ቀን በኋላ በሆስፒታል ሞተች። መንግሥት የቆየ ሕመም ነበረባት አለ፤ ቤተሰቧ አልተቀበለውም፤ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ቡድን በማርች 2024 ለሞቷ ምክንያት የሆነው በእስር የደረሰባት ጥቃት መሆኑን ገለጸ። በትውልድ ከተማዋ በሳቄዝ ቀብር ላይ ሴቶች ሻሻቸውን አውልቀው በአየር ላይ አውለበለቡ፤ በኩርድኛም ሴት፣ ሕይወት፣ ነፃነት ብለው ጮኹ። ጩኸቱ በመላ አገሪቱ ተዛመተ።

ብዙ ሴቶች በአደባባይ ፀጉራቸውን ቆረጡ። ይህም ከሩቅ ዘመን የመጣ ነው፤ በፈርዶውሲ «ሻህናሜ» ውስጥ ፋራንጊስ ባሏ ሲያዉሽ በግፍ ሲገደል ረጅም ፀጉሯን ትቆርጣለች። በተቃውሞው ከ500 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የመብት ድርጅቶች መዝግበዋል፤ ከነዚህም ብዙ ሕፃናት ነበሩ፤ ወጣቶች በስቅላት ተቀጡ። ዜናውን ቀድመው የዘገቡት ጋዜጠኞች ኒሉፋር ሐሜዲና ኤላሄ ሞሐመዲ ታሰሩ። በ2023 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያኔ እስር ቤት ለነበረችው ለናርጌስ ሞሐመዲ ተሰጠ። ፓርላማው ከዚያ በኋላ ቅጣቱን ይበልጥ የሚያከብድ ሕግ አጸደቀ፤ በዲሴምበር 2024 ሥራ ላይ ሊውል ሲል ግን ባለሥልጣናቱ ራሳቸው አቆዩት። በቴህራን ጎዳናዎች ፀጉራቸውን ገልጠው የሚሄዱ ሴቶች ያኔ ብዙ ነበሩና።

ይህን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየ ሰው በአንድ ነገር ሊታለል አይገባም። የ1936ቱ ንጉሥ ሥልጣኔን፣ የ1983ቱ ሕግ እምነትን ጠቀሱ፤ ለሴቲቱ ግን ሁለቱም አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም ለመንግሥታቸው ምልክት እንዲሆን ራሷን ወሰዱባት። የሠለጠነው ንጉሥ አማኝዋን እናት ቤት ዘጋባት፤ አማኙ መንግሥት ልጅቱን ገረፋት። ከ1941 እስከ 1979 ሁለቱም በአንድ ጎዳና በሰላም ይሄዱ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሰላም ከመንግሥት ቸልታ የመጣ እንጂ በሕግ የታሰረ መብት አልነበረም፤ ስለዚህም በአንድ ንግግር ፈረሰ። እምነት በፈቃድ ካልሆነ እምነት አይባልም፤ ነፃነትም በፖሊስ ዱላ ሲታደል ነፃነት አይሆንም። ስለ ኢራን ስንሰማ የተገለጠና የተሸፈነ ራስ መቁጠር ምንም አይነግረንም። መጠየቅ ያለብን ቻዶር የለበሰችውም ያልለበሰችውም ማታ ወደ ቤቷ በሰላም እንድትገባ ሕግ ቆሞላቸዋል ወይ ብለን ነው። ባዳሽት ላይ፣ በፓርላማው ደጅ፣ በበረዶው ሰልፍ፣ በሳቄዝ መቃብር የቆሙት ሴቶች የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ የሚገባቸውም ይኸው ነው።